ሦስተኛው ኮምፒውተር

ልጅቱ በንዴት ጦፋለች። የሰው ፊት የሚቆጥረው ፕሮግራም የየራሳቸው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ባላቸው ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ እኩል ካልሠራ ነገ ከሥራዋ ትባረራለች። ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ የሦስቱም ኮምፒውተሮች ካሜራ ወደ እሷ ዞሯል። ሁለቱ «አንድ ፊት» ሲሉ ሦስተኛው «ሁለት» ብሎ ድርቅ አለ።

አለቃዋ ደወለ፤ ውጤቱን ነገረችው። «እሱንም እንደ ሁለቱ አድርጊዋ፣ የኔ እህት!»

«እንደ ሁለቱ ምን?»

«ሁለት ስታዩ አንድ በሉ ብዬ ጽፌባቸው የለ!»

«ጉድ ነው! ታዲያ እኔም ላይ ሳይጽፉብኝ እስከ ዛሬ ያለፉኝ ለምንድን ነው፣ ጋሼ?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እየተራገመች የጻፈውን ሁሉ ሰረዘችና ፍተሻውን እንደገና አስነሳችው።

ሦስቱም በአንድ አፍ «ሁለት» አሉ። ከትከሻዋ በላይ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ፣ ሦስቱም በየስክሪናቸው ፊት የተገኘበትን ቦታ የሚያሳይ አንድ ዓይነት አረንጓዴ አራት ማዕዘን ሠሩ።

አራት ማዕዘኑ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።