መብራትህን አጥፋ!

አዲሷ መኪናው በጠራራ ፀሐይ መብራቷ ይበራል። መንገደኛው ሁሉ ጣቶቹን እየዘረጋና እየጨበጠ «አጥፋው!» ይለዋል። እሱ ደግሞ ማስረዳት ነፍሱ ነው። አማቱን ከኋላ አስቀምጦ ማደያ ሲገባ፣ ወርዶ ነዳጅ ቀጂዋን እንኳ አልማራትም፤ «ሞተሩ ሲነሣ በራሱ ይበራል፤ ቀንም ቢሆን ከሩቅ እንድንታይ ነው!»

ከማደያው ሲወጣ ባሰ። ቀጂዋ ከኋላው ጮኸች። አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን እያንባረቀ ተከተለው፤ በመስኮቱ አንድ እጅ ይወራጫል።

«አዩልኝ እማማ፣ ይሄ ሕዝብ መቼ ነው የሚሠለጥነው?»

መልስ የለም። «አይ የኔ ነገር! በትምህርት ብዛት አስተኛኋቸው» ብሎ በራሱ ሳቀ።

ቀይ መብራት ያዘው። ሚኒባሱም ደርሶ ከጎኑ ቆመ። በመስኮቱ የሚወራጨው እጅ የአማቱ ነበር፤ ከማደያው ሽንት ቤት ይዘውት የወጡት ሶፍት ገና ከእጃቸው አልወደቀም።