አሥራ ሁለት ሃይላንድ

አቶ አምሐ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ፣ ለቡ መብራት ኃይል ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያልተከፈተ ቴሌቪዥን ሲመለከቱ ከረሙ። በአራተኛው ወር ስልካቸው ላይ አንድ ቪዲዮ አዩና ተነሡ። በራቸው ላይ ካለው ነጭ ጽጌረዳ አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ሥር እንዲያወጡ ጫፋቸውን ማር ውስጥ ነክረው፣ አንገታቸው በተቆረጠ የውኃ ሃይላንዶች ውስጥ አፈር ሞልተው ግቢው ጥግ ላይ ተከሉ። ማንም እንዳይለዋውጥባቸው በየሃይላንዱ ላይ ቁጥር ጻፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረገድ ያቺን የግቢ ጥግ ለጎመን ይፈልጓት ነበር።

«ጎመን ማንም ያበቅላል» አሏቸው አቶ አምሐ። «ይህ ሳይንስ ነው።»

ወይዘሮ ሸዋረገድ ረቡዕ ረቡዕ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ ጎመን ልገዛ ብለው በታክሲ ነፋስ ስልክ ይሄዳሉ። ማታ የሚቀርበው ግን ሽሮ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ አምሐ ነቁ። ሐሙስ ጠዋት የአንዳንዱ ሃይላንድ አፈር ተነካክቷል፤ የሚስታቸውም ጥፍር ሥር ጥቁር ሆኗል። እየነቀለች ሥሩን ትበጥስብኛለች ብለው ደመደሙ። ይህ ሁሉ ተንኮል እየተሠራባቸው እንጨቶቹ ቅጠል ማውጣታቸው የማሩን ኃይል አረጋገጠላቸው።

ክሱን ለጎረቤታቸው ለበንቲ አቀረቡ። በንቲ አባቱ እዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ሲያርስ ያደገ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ የቁጥር አራትን ቅጠል በጣቱ አገላበጠ። ቀና ብሎ ወይዘሮ ሸዋረገድን አየ፤ ከዚያም ታቹ አፈር የያዘውን ዘንቢላቸውን አየ። ረጅም ሳል ሳለ።

«ጋሽ አምሐ፣ ማሩ ከየት ነው?»

«ዋናው ማሩ አይደለም። እጅ ነው።»

«እጁስ እጅ ነው» አለ በንቲ።

ፍርዱን ሰጠ። እስከ መስከረም ይጠበቅ። ካላበቡ ጥጉ ለጎመን ይሁን፤ ካበቡ አቶ አምሐ ሚስታቸውን በጎረቤት ፊት ይቅርታ ይጠይቁ።

«ካላበቡማ እኔም ወደ ሶፋዬ ነኝ» አሉ አቶ አምሐ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጡ። ዘንቢላቸውን አንሥተው ወጡ፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

በመስከረም ሁለተኛው እሑድ አቶ አምሐ ጎረቤቱን በራቸው ላይ ካለው ነጭ ጽጌረዳ ሥር ሰብስበው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ስለ ማር አጠቃቀም ሰፊ ገለጻ አደረጉ። ይቅርታውን አጠር አድርገው ጠየቁ። ከዚያም ሁሉም ዞሮ እንዲያይ በኩራት ወደ ጥጉ አመለከቱ።

አሥራ ሁለቱም አብበዋል፤ ስምንቱ ቀይ፣ አራቱ ቢጫ።