የበረኛው ቆርኪ

የቀድሞው አሰልጣኝ በርጫው መሀል ምንጣፉ ላይ አስራ አንድ ቆርኪ ደርድሮ ስድስቱን ጎሉ ፊት ኮለኮለ። «እኔ እንዲህ ነበር የማጫውተው። ደጋፊው አሰልቺ ነህ ብሎ ሰደበኝ እንጂ አምስት ጎል ገብቶብኝ አያውቅም።» ቀጥሎ አዲሱን አሰልጣኝ እያየ አስሩንም ቆርኪ ከመሀል ሜዳ አሻግሮ ገፋ። «አንተ ደግሞ ትናንት እንዲህ አጫወትክ።»

ከኋላ አንዲት ቆርኪ ብቻዋን ቀረች። ደጃፉ ጋ የተቀመጠው በረኛ ጀሶ የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እሷን ያይ ነበር። ትናንት ሦስት አጥቂ ሲመጣበት ከፊቱ ማንም አልነበረም፤ እጁ የተሰበረው አምስተኛውን ጎል ለማዳን ሲወረወር ነው።

«አቦ ተወን!» አለ አዲሱ አሰልጣኝ። «ሰው ስታዲየም የሚመጣው ጎል ሊያይ ነው።»

«አይቷል። አምስት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የክለቡ ሊቀመንበር ግን አልሳቀም። «አጨዋወቱን ትቀይራለህ ወይስ አሰልጣኝ ልቀይር?»

አዲሱ አሰልጣኝ ብቻዋን የቀረችውን ቆርኪ ትኩር ብሎ አየ። በረኛው «ብቻውን ነው የተውነው» ሊል ነው ብሎ ጠበቀ።

«አጨዋወቱ ምንም አልሆነ» አለ አሰልጣኙ። ቆርኪዋን በሁለት ጣቱ አንስቶ ከተጣለው የጫት ገረባ ውስጥ ወረወራት። ከዚያ አንድ ለስላሳ ከፈተና አዲሱን ቆርኪ በቦታዋ አስቀመጠ። ሊቀመንበሩ «እሱስ ልክ ነው» አለ።

አሰልጣኙ የከፈተውን ጠርሙስ ለበረኛው ዘረጋለት። «እንካ አዩቤ፣ ጠጣ አቦ። ሙቀቱ አይጣል ነው።»

በረኛው በደህናው እጁ ተቀብሎ አመሰገነ።