የተመለሰው ወንፊት

ዝናብ በሰባት ዓመት አንዴ ብቻ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ሰው የሚኖረው በጓዳው ልክ ነው። አሁን አምስተኛው ዓመት ነው። የእታፈራሁ ሽሮና በሶ በየጣሳው ታሽጎ እስከሚቀጥለው ዝናብ ለእሷና ለልጇ ለማኅደር ይበቃል። ለሦስተኛ አፍ ግን አይሞከርም።

ምሳ ላይ ሳሉ ጎረቤታቸው አቶ ዳምጤ የተዋሱትን ወንፊት ይዘው መጡ።

«ምነው፣ ይቆይ አልነበር?» አለቻቸው እታፈራሁ።

«አይ ልጄ፣ ከእንግዲህ የምነፋው ዱቄት የለኝም።»

«እንብላ» የሚለው የዱሮ ቃል ሳታስበው አመለጣት።

«ይባረክ፤ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከሰሀኑ እያሸሹ።

ዱሮ ቢሆን «በሞቴ!» ብላ እጃቸውን ትጎትት ነበር። እሳቸውም ሁለቴ እምቢ ብለው በሦስተኛው ይቀመጡ ነበር። አሁን ግን ወንፊቱን ተቀብላ ወደ ቂጣዋ ተመለሰች። አቶ ዳምጤ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ኩታቸውን አስተካክለው «ደህና ዋሉ» ብለው ሄዱ።

ያንን የዱሮ ወግ ያልደረሰችበት ማኅደር በሩን እያየች፣ «እማዬ፣ አባባ ዳምጤ ምን እየጠበቁ ነበር?» አለች።

«ምንም። ይልቅ ብይ፣ ቂጣው ይቀዘቅዛል።»