ከአራት በኋላ

የካቲት ዘጠኝ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ የሮክ ባንዳችንን የምርጥ ዘፈኖች አልበም ይዤ እናቴ ቤት ገባሁ። ድራም መቺው ወንድሜ ናሁሰናይ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነበር። እሱ ዘፍኖ አያውቅም፤ የቀረልን ድምፁ ዘፈን ሲያስጀምር የሚቆጥራት "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ብቻ ናት። ቤት ስንለማመድ እናቴ፣ "አንተ፣ ከአራት በላይ አላስተማርኩህም?" እያለች ትስቅበት ነበር።

የስቱዲዮውን ባለሙያ ቆጠራውን እንዳይቆርጠው ብለምነው፣ "ወንድሜ፣ በቆጠራ የሚጀምር ዘፈን ማን ይሰማል?" ብሎኝ ነበር።

ለእናቴ አልበሙን ከፈትኩላት፤ አሥሩም ዘፈን ያለ ቆጠራ አለቀ።

"ልጄ የታለ?" አለች።

ላጠፋው እጄን ስዘረጋ፣ የተቆረጡት ቆጠራዎች ተራ በተራ መጡ። ባለሙያው ሰብስቦ መጨረሻ ላይ ቀጥሏቸዋል። ዘፈን አልተከተላቸውም።

"ሦስት፣ አራት" አለ ናሁሰናይ።

"አምስት" አለች እናቴ።

ከዚያ ወዲህ ዘፈኖቹን እየዘለለች የምትሰማው እሱን ብቻ ነው።