የቤተሰብ ፎቶ ከአዞ ጋር

የልጅቷ አባት ለእረፍት ሲወጣም እጁን ቤት ትቶ የሚመጣ ሰው አልነበረም። አርባ ምንጭ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው እናቷ «ቀስ ብለህ ንዳ» በማለቷ በእጁ ጀርባ አፏን አላት። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ ነጠላዋ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገድ ዳር ካለ የአዞ ማርቢያ በር ላይ መኪናውን አቁሞ «ውረዱ፣ እንዝናና» አለ።

ልጅቷ በሆዷ «አዞ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ ምን አስኬደን፣ አዞው መሪውን ይዞልን የለ» አለች።

አስጎብኚው ክንድ የምታህል አዞ አፏን በላስቲክ አስሮ አመጣ።

«አፏን የመክፈት አቅም የላትም፤ ልጅም በመዳፉ ይዘጋዋል። ከነከሰች ግን አጥንት ታደቃለች።»

አባቷ በስልኩ መጀመሪያ እናቷን አዞዋን አስይዞ ፎቶ አነሳ። «ከንፈርሽን በነጠላሽ ሸፍኚ እንጂ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

ቀጥሎ የልጅቷ ተራ ነበር። እሷ ግን የምታስበው ስለ ፎቶው አልነበረም። አዞዋን ለአባቷ ከማቀበሏ በፊት ላስቲኩን ልታወልቅ ቆርጣለች፤ ያ እጅ ከዛሬ በኋላ እናቷ ላይ እንዳይነሳ።

እናቷ የአዞዋን አፍ በመዳፏ ጨምድዳ እንደያዘች አቀበለቻት። ልጅቷ በእናቷ መዳፍ ፈንታ የራሷን ተክታ፣ በአውራ ጣቷ ላስቲኩን ፈለገች።

ላስቲክ የለም።

እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እስኪቀበልሽ ድረስ አጥብቀሽ ያዢ፣ የኔ ልጅ።»

አባቷ ስልኩን ለአስጎብኚው ሰጥቶ እየሳቀ መጣ።

«ቀኝ እጅህን አምጣ፣ አባዬ» አለችው።