መሠረት ትሞላለች

መሠረት የሚባል ስም ይዞ ግንባታ ውስጥ ለገባ ሰው ቀልዱ አያልቅም። ፒያሳ፣ ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለው ሳይት ፎርማን ጋሽ ተክሌ፣ ኢንጂነር መሠረትን ባዩ ቁጥር "መሠረት ተቆፈረ?" እያሉ ሲስቁባት ከርመዋል። ጉድጓዱ ሳይፈተሽ ኮንክሪት አይፈስበትም ብላ ሥራ ካስቆመች ወዲህ ግን ሳቁም ቀረ። ሰላምታዋን እንኳ አይመልሱም።

ስለዚህ ጠዋት ቢሮዋ ገብታ ከሳይቱ ጋር በጋራ የሚጽፉበትን የሥራ ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ ስትከፍት፣ "መሠረት ይሞላል" ብላ የጻፈችውን "መሠረት ትሞላለች" ሆኖ ስታገኘው፣ የማን ተንኮል እንደሆነ አልጠፋትም። ጥርሷን ነክሳ አስተካከለችው። ዓይኗ እያየ ተመልሶ "ትሞላለች" ሆነ። ደግማ ስታስተካክለው ከሥሩ "ተጀምሯል" የሚል ተጨመረበት።

ስልኳን አንስታ ደወለች።

"ጋሽ ተክሌ፣ በስሜ መቀለዱን ይተዉት። ደግሞስ ሥራ ጀምሩ ያለዎት ማነው?"

"አንቺ ነሻ" አሉ፣ በተሰላቸ ድምፅ። "እዚሁ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመሽ ምን ያስደውልሻል?"

"እኔ ቢሮ ነኝ።"

ከጋሽ ተክሌ ኋላ የኮንክሪት ማደባለቂያው ሲያጉረመርም ይሰማል። ከዚያ ጩኸት በላይ የገዛ ድምፅዋ፣ ሳይቸኩል፣ ጥርት ብሎ፣ ሠራተኞቹን ሲያዝ ሰማች።

"ሙሏት።"